«ግቡ» የሚለው አፍንጫ

«ያዘው እንጂ ወንድም ጋሼ፣ ልትጥለኝ ነው እንዴ?» አለ ታናሽየው ከመሰላሉ ጫፍ።

ታላቅየው መሰላሉን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። የመልቀቅ ሐሳብ ሽው አላለበትም ብል ግን ዋሸሁ።

በዚህ የዶሮ ሥጋ ማሸጊያ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ስሙ «አፍንጫው» ነው። ክፍሉን የሚያበርደው አሞኒያ ካመለጠ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ነውና፣ ጠዋት ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ ይገባል፤ ቧንቧዎቹ ሥር አንገቱን ቀና አድርጎ ያሸታል፤ ከዚያ በር ላይ ለሚጠብቁት ሴቶች «ግቡ» ይላል። ሥራ አስኪያጁ እንኳ ያለዚያች ቃል እግሩን አያነሳም። አሁን ግን ይህን ሁሉ ክብር ልትወስድበት፣ ጋዝ የምታሸት፣ የምሳ ዕቃ የምታህል ነጭ ሣጥን ጣራ ሥር ተሰቅላለች። የሰቀላት ባዕድ ቢሆን ደግ ነበር። ንፍጡን እየጠረገ ያሳደገው ወንድሙ ነው። ቅናት ነው ብትሉት ይጣላችኋል፤ ቃር ነው የሚለው።

«ምን እዚያ ላይ ሰቀላት? ሰው የሚተነፍሰው ታች ነው» አለ።

«አሞኒያ ከአየር ስለሚቀል ሽቅብ ነው የሚወጣው። አንተው አይደለህ ያስተማርከኝ?»

እውነት ነው፣ አስተምሮታል። ይሄ ደግሞ የባሰ አንገበገበው።

ታናሽየው ከትንሽ ጣሳ የመፈተሻ ጋዝ በቀጭን ቱቦ ወደ ሣጥኗ ለቀቀ። ሣጥኗ ላይ የሚነበበው ቁጥር ሃያ አምስት ደረሰ፤ ቀዩ መብራት በራ፤ ደወሉ ጮኸ። በር ላይ የተኮለኮሉት ሴቶች አጨበጨቡ።

«አፍንጫው፣ በቃ ጡረታህ ደረሰ!» አለች የአሻጊዎቹ አለቃ። «ይቺ እንደሆነች ጉንፋን አይዛት፣ ሲጋራ አታጨስ!»

«የልጁ እጅ ወርቅ ነው እኮ» አለች ሌላዋ።

ወርቅ! የእሱ እጅ እንግዲህ ምን ሊባል ነው፣ መጥረጊያ?

ከኋላቸው የማቀዝቀዣው ማሽን ተነስቶ ማጓራት ጀመረ። ታናሽየው ጣሳውን ዘግቶ ቁጥሩ እስኪወርድ ጠበቀ። አሥራ ሁለት ደረሰና ቆመ። ከዚያ መልሶ ወጣ፤ አሥራ አምስት፣ ሃያ።

«ይኸው!» የታላቅየው ፊት በደስታ ፈካ። «ገና ሳታገለግል አበደች!» አንገቱን ቀና አድርጎ በረጅሙ ሳበ። ቅዝቃዜ ብቻ። «ምንም የለም! በአፍንጫዬ እምላለሁ!»

ሴቶቹ ሳቃቸው ቆመ። አለቃዋ አፏን በክንዷ ሸፈነች፤ ሌላዋ አሳላት። ለልጁ ሲሉ ደግሞ ሳልም ጀመሩ፣ አለ በሆዱ።

ታናሽየው ወርዶ አጠገቡ ቆመ። ዓይኖቹ እንባ አቅርረዋል።

«ወንድም ጋሼ» አለው በሹክሹክታ፣ «አይሸትህም?»

ታላቅየው እንደገና በረጅሙ ሳበ። የራሱም ዓይን መቆጥቆጥ ጀምሯል፤ አፍንጫው ግን ባለቤቱ እንደተሰደደ ቤት ጭር ብሏል።

ያኔ ታናሽየው ወደ በሩ ዞሮ ጮኸ፦ «ወደ ግቢው ውጡ! ወንድም ጋሼ ሸቶታል፣ ውጡ ብሏል!»

«ተባረክ፣ አፍንጫው!» አለች አለቃዋ እያሳለች ስትሮጥ።

ምርቃቱ እንደ ጥፊ አረፈበት። በደግነትም በለጠኝ?

የጋዝ ጭምብላቸውን አጠለቁ። ታናሽየው ማሽኑን አጥፍቶ የአየር ማስወጫውን ከፈተ። ታላቅየው ሳያመነታ የቧንቧው ሁለተኛ መዝጊያ፣ ቫልቩ ጋ ሄደ። የዚያን ተንኮለኛ ጠባይ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። መዳፉን ቢያስጠጋ ቀጭን ትንፋሽ ተሰማው። በመፍቻ አጠበቀው። ቁጥሩ መውረድ ጀመረ።

በዚህ ሳምንት ስንት ጠዋት «ግቡ» ብሏል? ባለፈው ወርስ? መቁጠሩን ተወው።

ሴቶቹ ተመልሰው በር ላይ ቆሙ። ታናሽየው መሰላሉን ያጥፋል። ሁሉም የሚያዩት ታላቅየውን ነው። እንደ ወትሮው ጭምብሉን አወለቀ፤ አንገቱን ቀና አድርጎ በረጅሙ ሳበ፤ ዓይኑ ግን ጣራ ሥር፣ ነጯ ሣጥን ላይ ነበር።

ሦስት። አንድ።

ዜሮ እስክትልለት ጠበቃትና፣ «ግቡ» አለ።