ዋናው የይለፍ ቃል

"በቃ፣ ተነሺና ለወንድምሽ ልቀቂለት" አላት አባቷ። ልጅቷ ግን እጇን ከኪቦርዱ ላይ አላነሳችም። ያንን ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ላፕቶፕ ሰርቨር ያደረገችው እሷ ነበረች። ሌባ የቡና ነጋዴውን አባቷን ቴሌግራም ጠልፎ የጨለለቅቱ ከተማ ደንበኞቹን ሁሉ ብር ከለመነ በኋላ፣ የቤተሰቡን የይለፍ ቃል በሙሉ እዚያ ላይ ቆለፈችው፤ ከቤታቸው ዋይፋይ ውጭም እንዳይከፈት አደረገች። የቀረው ሁሉንም የሚከፍተው ዋናው የይለፍ ቃል ማን ጋ ይሁን የሚለው ብቻ ነበር።

"የሠራሁት እኮ እኔ ነኝ፣ አባዬ። እሱ የፌስቡኩን እንኳን በየወሩ ነው የሚረሳው።"

"ይርሳ! አንቺ ነገ ታገቢያለሽ። የቤታችንን ቁልፍ ይዘሽ ሰው ቤት ልትገቢ ነው?"

"በዚህ ምላሴ ደግሞ ማን ያገባኛል?"

እናቷ ሳቀች። አባቷ ግን አልሳቀም፤ ላፕቶፑን በአንድ እጁ ከፊቷ ሳብ አድርጎ ወደ ወንድ ልጁ አዞረው። እሷም ጎንበስ ብላ የራሷን የይለፍ ቃል ለመጨረሻ ጊዜ አስገባችና የሚቀየርበትን ገጽ ከፈተችለት። ወንድሟ ወንበሯ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ።

"አንቺ ወደዚያ ዙሪ" አላት አባቷ፣ "ሚስጥር ነው።"

ወደ ግድግዳው ዞረች። ከኋላዋ ኪቦርዱ ቀጭ ቀጭ አለና ቆመ።

"አጭር ነው ይለኛል" አለ ወንድሟ። "ስንት ፊደል ነው የሚፈልገው?"

ከግድግዳው ሳትዞር ነገረችው።