መኪና አስቋሚው ሐኪም

አራዳ ውስጥ ሞኝ ይቆጠር ቢባል፣ ሾፌሩ ካላዩ መጀመሪያ የሚጠራው ሐኪም ገብረክርስቶስን ነበር።

ካላዩ ከመኳንንቱ የአንዱ ሾፌር ነው። መኪና በጣት በሚቆጠርበት በዚያ ዘመን ሾፌር ማለት ትንሽ ጌታ ነበር። ሐኪሙ ባሕር ማዶ ተሻግሮ ቀዶ ማከም ተምሮ መጣ። መጥቶስ? መኪና የጨፈለቀውን እግር ሲቆርጥ ከረመና ሰለቸው። ከዚያ በየሹሙ ቤት ደጅ ይጠና ጀመር። መኪና በገበያ መሃል ቀስ ይበል፤ እግረኛ ዳር ዳሩን ይሂድ፤ ሾፌር ጠጥቶ አይንዳ። ሹሞቹ ሰምተው ሸኙት።

«አህያ እንኳ ሳይማር ዳር ይይዛል» ይል ነበር ካላዩ ጠጅ ቤት። «ለዚህ ነው ፈረንጅ አገር የሄደው?»

ደጅ ጥናቱ አልሆን ሲለው ሐኪሙ ራስ መኮንን ድልድይ አፍ ላይ መቆም ያዘ። የሚበር መኪና ሲያይ መሃል መንገድ ገብቶ «በሕግ አምላክ» ይላል። በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ይቆማል፤ ሽፍታም ቢሆን ይቆማል። ካላዩም አንድ ቀን ቆመ። ሐኪሙ የነጠላውን ጫፍ ከካላዩ ጋቢ ጋር ቋጥሮ፣ እንደ ከሳሽና ተከሳሽ ወግ፣ በገበያው መሃል ወደ ዳኛ ወሰደው። ሽንኩርት ሻጯ ሳትቀር ሳቀች። ካላዩ ማለ፤ ዳግመኛ ለዚህ ሰው አይቆምም።

ሐምሌ ላይ ሚስቱን ምብራትን ምጥ ያዛት። በፊት የወለደችው አልጸናላቸውም፤ ይህን ልጅ ካላዩ እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚጠብቀው። ቤታቸው እሪ በከንቱ ነው። ጎረቤታቸው ሙሉነሽ ምጡ እንደ ጠና አይታ፣

«ካላዩ ልጄ፣ ሐኪሙ ይጠራ» አለች።

«የቱ? የመንገድ ዘበኛው? እሱ የሚያውቀው እግር መቁረጥ ነው። አዋላጅ ትበቃታለች።»

ጌታው በባቡር ይገባሉና ተቀበል ተብሏል። ከለገሃር ቤታቸው አድርሶ መመለስ ነው። ምብራትን «መጣሁ» ብሏት ወጣ። መኪናውን ከጌታው ግቢ አስነሥቶ ቁልቁል ለቀቀው። ቶሎ ደርሶ ቶሎ ሊመለስ።

እሪ በከንቱ መታጠፊያው ላይ ሐኪሙ ብቅ አለ። ዛሬ ድልድዩን ትቶታል። ኮቱን አውልቋል፤ እጅጌውን ሰብስቧል፤ ባዶ ራሱን ዝናብ ይወርድበታል። ለጠብ ነው የመጣ፣ አለ ካላዩ በልቡ።

«በሕግ አምላክ፣ ካላዩ። በሕግ አምላክ ቁም።»

«ሕግህን በእግርህ ሂድበት» ብሎ መሪውን ጠመዘዘ። ጭቃው ሐኪሙን ከራሱ እስከ ጫማው አለበሰው። ሰውዬው ግን አላፈረም፤ እየወደቀ እየተነሣ ከኋላ ሮጠ። መኪና በእግሩ ሊደርስበት። ባቡሩ ዘገየ፤ ካላዩ እዚያ ለቆሙት ሾፌሮች አወራላቸው፤ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

አመሻሽ ላይ ቤቱ ሲደርስ ሴቶቹ ደጅ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሙሉነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ሐኪሙ ጭቃውን ሳይጠርግ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«ይህ ሰው እቤቴ ምን ይሠራል?» አለ ካላዩ።

ሙሉነሽ ቀና አላለችም። «አንተ እንደ ወጣህ ሐኪሙን አስጠራናቸው። እሳቸው ‹ሆስፒታል ካልደረሰች አትተርፍም› ሲሉ፣ የመኪናህን ድምፅ ሰምታ ‹ባሌ ነው፤ አስቁሙልኝ› ብላ የላከቻቸው እሷ ናት።»