ላኪው የለም

ሰሞኑን ኢሜይሌ አልሄድ ብሎ አስመረረኝ። የምልከው ሁሉ "ላኪው የለም" ተብሎ ይመለሳል። የሄደው አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም እኔ አልጻፍኩትም። "የእማማ አፍሪዬ ቀብር ቅዳሜ ነው" ብሎ ኩማሲ ከተማ ላለው ዘመድ ሁሉ ደርሷል። እማማ አፍሪዬ ደግሞ እኔ ነኝ።

"ኔትወርኩ ነው፣ እማማ" አለኝ የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ክዋቤና።

"ኔትወርክ እኔን አይቀብርም" አልኩት።

ቅዳሜ ግቢዬ ውስጥ ድንኳን ተተከለ። ቀይና ጥቁር የለበሰው ለቀስተኛ እንደ ደንቡ የተቀመጠውን ዘመድ ከቀኝ ጀምሮ እየጨበጠ ያልፋል። ነጭ ለብሼ በቀኝ ዳር፣ መጀመሪያው ወንበር ላይ ጉብ አልኩ። እስቲ ዘለውኝ ሲያልፉ አያለሁ።

ከሁለተኛው ወንበር፣ ከእህቴ ጀመሩ።

እህቴ እያለቀሰች ስትነሳ ወንበሯ ላይ ተዛወርኩና እጄን ዘረጋሁ።

ቀጣዮቹ ከሦስተኛው ጀመሩ።