ቀኝ መዳፍ

ከቀብሩ ወዲህ የባሏ ቀኝ እጅ ደርቆ አያውቅም። ፈውዚያ መጀመሪያ ውዱእ አድርጎ ይሆናል ብላ አለፈችው። ጠዋትም ማታም ያው ሆነባት። ሰባት ዓመት የኖረችው ላብ ከማያውቅ መዳፍ ጋር ነው፤ ኑሬ ሲጨብጥ እጁ ደረቅ ወረቀት ነበር።

«በዚህ እጅ ነው የያዝኩት» አላት አንድ ቀን፣ መሬት መሬት እያየ። «አመለጠኝ።»

ባቱ ሐይቅ ላይ የሁለቱ ጀልባ ተገልብጦ መንታ ወንድሙ ሰዓድ መስጠሙ ነው። ሰዓድ ዓሣ አጥማጅ፣ ውሃ ላይ ያደገ፤ ኑሬ ደግሞ አዳማ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ሲሸጥ የኖረ፣ ዋና የማይችል። ዋናተኛው ሰምጦ የማይዋኘው ወጣ ብለው ለቀስተኞች ጉድ አሉ። የአላህ ሥራ ነው፣ ማን ይጠይቃል። አስከሬኑ በሦስተኛው ቀን ሲገኝ ባሏ «ወንድሜ ነው» ብሎ አልቅሶ ቀበረው።

ሁለት ወር ሆነው። ሱቁን አልከፈተም፤ የዕቃው ዋጋ ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፋ ይላል። የሚተኛው ሳሎን ነው። እሷንም ቀና ብሎ አያያትም። እንዲህ ያፍራት የነበረው እንኳ ሟቹ ነው፤ ሰዓድ ለበዓል ሲመጣ ዓይኑን ከምንጣፉ አያነሳም ነበር። ሐዘን ሰው ይለውጣል፣ ሌላ ምን ይባላል።

ጎረቤቷ እትዬ ዘሃራ ግን ሌላ አሉ።

«ልጄ፣ የሰመጠ ሰው እንዲሁ አይሄድም። እጁን ይዞታል። ቀስ እያለ ይወስደዋል፤ ኋላ ባል የለሽም።»

ፈውዚያ ሳቀች። ቤቷ ስትገባ ግን ነገሩ አልለቅ አላት። ባሏን ትወደዋለች፤ ለሙት አሳልፋ የምትሰጠው ባል የላትም።

የምትሠራው የቆዳ እንክብካቤ ቤት ነው። እዚያ እስክሪብቶ የምታክል የእርጥበት መለኪያ አለች፤ ጫፏን ቆዳ ላይ ሲያሳርፏት ቁጥር ታወጣለች። አርብ ከሰዓት በኋላ ተውሳ ይዛት መጣች። ሥራውን ስትማር የተለማመደችው በባሏ ገላ ላይ ነበርና የያኔውን ደብተርም ከሣጥን አወጣች። የረጠበው ወንድሙን የያዘበት እጅ ብቻ ከሆነ፣ የእትዬ ዘሃራ ነገር እውነት ነው።

«ሸሚዝህን ክፈት» አለችው። ከፈተ።

ግንባሩን ለካች፤ ሃያ ስምንት። ጉንጩ ሠላሳ አንድ፣ ክንዱ ሃያ ሁለት፣ ቅልጥሙ አሥራ አራት። የአዳማ ንፋስ የመታው የማንም ሰው ቆዳ ነው። ቀኝ መዳፉ ግን ስድሳ አንድ አለ።

«ግራህንም አምጣ።»

ግራውም ስድሳ አንድ።

ፈውዚያ እፎይ አለች። ሙት የያዘው እጅ የለም፤ ሁለቱም እኩል ያልባቸዋል፣ እንደ ማንኛውም ሰው። እሱ ሸሚዙን እየቆለፈ ወደ መስኮቱ ሲሄድ፣ እሷ ደስ ብሏት ቁጥሩን ልትጽፍ ደብተሩን ገለጠች።

በድሮው ገጽ ላይ የራሷ ጽሑፍ አለ። ግራ መዳፍ፣ ሃምሳ ስምንት። ቀኝ መዳፍ፣ ስምንት። ከሥሩ ያሠለጠናት ሐኪም በቀይ ጽፎበታል፦ «ይህ እጅ ከልደቱ የላብ ዕጢ የለውም። ዕድሜውን ሁሉ እንደ ደረቀ ይኖራል።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ደብተሩን ከደነች።

«ሰዓድ» አለች በቀስታ፣ ሰው ወጥ ቅመስልኝ እንደሚል።

«አቤት» አለ።