የወይዘሮ ደብሪቱ ኮምፒውተር

የሙከራ ጊዜው ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው የኮምፒውተር ባለሙያው የመጨረሻ ሥራ ተሰጠው፤ በቅርንጫፉ ያሉት አርባ ኮምፒውተሮች፣ አሮጌውም አዲሱም፣ አንድ ዓይነት ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንዲጫንባቸው። አርባ ጊዜ የሚጭን ሞኝ ነው አለና፣ አንዱን አሰናድቶ ወደ ሌሎቹ ሊገለብጥ ወሰነ። ተበላሽቶ የማያውቀውን የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋን የወይዘሮ ደብሪቱን ኮምፒውተር መረጠ። ፋይሎቻቸውንና መዝሙሮቻቸውን አጥፍቶ የቀረውን እንዳለ ገለበጠው። አርባውም ያለ ችግር ተከፈቱ። ሠራተኛው ሁሉ መረቀው።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ስልክ እንደያዙ አስጠሩት።

«ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው። አርባውም ኮምፒውተሮቻችን አርጀንቲና እንዳሉ ያሳያቸዋል። ሸጠሃቸዋል እንዴ?»

ባለሙያው ወደ መዝገብ ቤት ሮጠ።

«እትዬ ደብሪቱ፣ ኮምፒውተርዎ ላይ የነካኩት ነገር ነበር?»

«ሰዓቱን ነዋ! ስድስት ሰዓት ይሳሳት ነበር። የአገሮቹን ዝርዝር ከፍቼ አንድ በአንድ ስሞክር፣ ከእኛ ሰዓት ጋር የገጠመልኝ አርጀንቲና ሆነ።»

ተመልሶ ይህንኑ እየተንተባተበ ተናገረ። ሥራ አስኪያጁ የግድግዳውን ሰዓት አዩ፤ ሁለት ተኩል። ኮምፒውተራቸውን አዩ፤ ሁለት ተኩል። ስልኩን ወደ ጆሯቸው መለሱ።

«ለመሆኑ የእናንተ ኮምፒውተር አሁን ስንት ሰዓት ይላል?»

«ስምንት ተኩል» አሏቸው ከወዲያ።

«በጠዋቱ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ በሐዘኔታ። «አይዟችሁ፤ ጎበዝ ባለሙያ አለን። ነገ እልክላችኋለሁ።»