የድሮው ባለቤት መልስ

ትርፍ ቤት ተብላ የተወረሰችውን የጣና ዳር ባለ ሁለት ክፍል ቤት ቀበሌው ለእኛ ሲሰጠን ነገሩ አላማረኝም። ሊቀመንበሩ፣ «የድሮው ባለቤት አቶ መርስዔ ኀዘን ቁንዝላ ገብተዋል» አለኝ። ጎረቤቴ ባንቺአየሁ ደግሞ፣ «የለም፣ ሐሙሲት ልጃቸው ዘንድ ናቸው» አለችኝ፤ ስትናገር ግን ዓይኔን አላየችም።

እሑድ ጧት የባሌ የዳኘው የፋብሪካ ጓደኞች ደጃፍ ላይ ቆመው «ቤት ለእምቦሳ!» አሉ። ለዚህ የሚመልሰው ባለቤት ነው። አፌን ሳልከፍት ከጓዳ አንድ የወንድ ድምፅ «እምቦሳ እሰሩ!» አለ። ዳኘው መስሎኝ ነበር፤ ለካስ እሱ የቢራ ሳጥን ተሸክሞ ከእንግዶቹ ኋላ ቆሟል።

ሰው ተደብቋል ብዬ ጓዳውን በረበርሁት። ከድንች ጆንያችን በቀር ምንም የለም። ሊቀመንበሩ ጆሮ ጠቢ አስገብቶብን ይሆናል ብዬ በሩን በጓጉንቸር ቆለፍሁት፤ መክፈቻውንም ከማተቤ ጋር አሰርሁት።

ማክሰኞ የንስሐ አባታችን አባ ወልደ ሐዋርያት ጠበል ሊረጩልን ከደሴቱ በታንኳ መጡ። ብቻዬን ነበርሁ።

«ቤት ለእምቦሳ!» አሉ ከደጅ።

«እምቦሳ እሰሩ!» አለ ድምፁ ከተቆለፈው ጓዳ።

አባ መስቀላቸውን ጨበጡ። መድረኩን አላለፉም።

«ልጄ፣ ይህ የአቶ መርስዔ ድምፅ ነው» አሉኝ ቀስ ብለው። «ሐምሌ ላይ ፍትሐታቸውን ያደረስሁት እኔ ነኝ።»

«ምነው አባ፣» አለ ከጓዳ፣ «ቤቴን ረሱት እንዴ? ይግቡ እንጂ!»