ጆቪቶ የመለሰው መልስ

«እጅህን አሳየኝ» አለች ሴትዮዋ።

ጆቪቶ ቀኝ እጁን እያቃሰተ ከጓንቱ አወጣ። የመረብ መጎተቻው ማሽን ከጨፈለቀው ወዲህ ጣቶቹ አብጠው ጠቁረዋል። ኢሽቤል ፊቷ ተለዋወጠ። የስኮትላንድን ወደቦች እየዞረች፣ ባዕድ አገር መጥተው ዓሣ የሚያጠምዱ ሠራተኞች እንዳይበደሉ የምትቆጣጠር የመንግሥት ሰው ናት።

«ሐኪም አይቶታል?»

«ማታ የምንገባበት ወደብ ላይ ቀጠሮ ይዤለታለሁ!» አለ ካፒቴን ሙርዶ ከላይ። ለብቻቸው እንዲያወሩ ስታዘው ወደ ጀልባው የመሪ ክፍል ወጥቷል፤ መስኮቱን ግን ወለል አድርጎ ከፍቶ ከአናታቸው በላይ ቆሟል። ይሄ ሰው «አመመኝ» ሲሉት መስሚያው ጥጥ ነው፤ ሲያንሾካሹኩ ግን አንዲት ቃል አታመልጠውም።

በዕድሜ የሚበልጠው የሥራ ጓደኛው አርኑልፎ መረቡን እየጠገነ፣ ቀና ሳይል፣ በፊሊፒንስ ቋንቋቸው አጉረመረመ። «ዝም በል። የመግቢያ ፈቃዳችን ለጀልባው ብቻ ነው። መሬት ረገጥክ ማለት እስር ቤት ገባህ ማለት ነው። ወደዚህ የላከን ደላላ ያለንን ረሳኸው?»

«እጄ እየበሰበሰ ነው እኮ፣ ጋሼ።»

«ይህቺ አሁን ቤቷ ገብታ ሻይዋን ትጠጣለች። ባሕር ላይ ከዚህ አውሬ ጋር የምንቀረው እኛ ነን!»

ኢሽቤል ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስማኝ። መሬት በመርገጥህ ማንም አያስርህም፤ ሕጉ ከአንተ ጋር ነው። እሺ ካልክ አሁኑኑ ሆስፒታል ይዤህ እሄዳለሁ። ሳትፈልግ ግን ጎትቼ ልወስድህ አልችልም። መውረድ ትፈልጋለህ?»

ጆቪቶ ወደ መስኮቱ ሰረቅ አድርጎ አየ። ትንፍሽ ቢል ሙርዶ ይሰማል። ስለዚህ አገር ቤት መንደሩ ውስጥ እናቱም፣ ቄሱም፣ ባለሱቁም «አዎ» በሚሉበት መንገድ «አዎ» አለ፤ ቅንድቡን ሽቅብ አነሳ።

ሴትዮዋ ጠበቀች። «ትፈልጋለህ?»

እንደገና አነሳ። ግንባሩ እስኪያመው ድረስ አነሳ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ኢሽቤል ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ትከሻውን ጨበጥ አድርጋ ለቀቀችውና በመሰላሉ ወደ መኪናዋ ወረደች።

መኪናዋን ልታቀርብለት ነው! ጆቪቶ ወደ መኝታው ተንደርድሮ ልብሱን በአንድ እጁ ቦርሳው ውስጥ ጠቀጠቀ። ሲወጣ አርኑልፎ መንገዱን ዘጋበት።

«ወዴት ነው?»

«ልትወስደኝ ነው። አዎ አልኳት፣ ሁለቴ።»

«መቼ? እዚሁ ነበርኩ፤ ድምፅህን አልሰማሁም።»

«በቅንድቤ ነዋ።»

አርኑልፎ የመረቡን መርፌ ከእጁ ጣለ። «ምነው ልጄ! እነዚህ ሰዎች እኮ በቅንድብ አያወሩም!»

ከእግራቸው በታች ሞተሩ አጓራ። ገመዱ ተፈቷል፤ በጀልባውና በወደቡ መሀል ያለው ውሃ እየሰፋ ነው። ጆቪቶ ቦርሳውን ወርውሮ ወደ ጀልባው ጫፍ ሮጠ። ሙርዶን ረሳው፣ ደላላውን ረሳው፤ ያበጠ እጁን እያወዛወዘ በሴትዮዋ ቋንቋ «አዎ! አዎ!» እያለ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጮኸ።

ኢሽቤል የመኪናዋን በር እንደያዘች ዞር አለች። ከሞተሩ ድምፅ በቀር የሚሰማት የለም። ፈገግ አለችና እሷም እጇን አውለበለበችለት።